ጤፉ ይክረም

የሄግ ፍርድ ቤት የጤፉን ፓተንት መሻሩ አገር ቤት በተሰማበት በየካቲት 2011 ሰሞን ሰው ሁሉ ሲደሰት እኔ አኩርፌ ነበር። ይህን ከአንድ ሰው በቀር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። በምሠራበት የዱቄት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ባልደረቦቼ ስልክ እየተቀባበሉ ዜናውን ሲያነቡ፣ አንዷም እልል ስትል፣ እኔ ለወጉ ፈገግ አልኩ። ውስጤ ግን ቅር ብሎታል። ፓተንቱ መሻሩስ ደግ፤ ያንገበገበኝ የተሻረበት ምክንያት ነው። ዳኞቹ «ይህ ዕውቀት የኢትዮጵያ ገበሬ ነው» አላሉም። ያሉት፣ ጠቅለል ሲደረግ፣ ነገሩ በሙያው ላለ ሰው ሁሉ ግልጽ ስለሆነ ፈጠራ ሊባል አይገባም ነው። ማንም ሊደርስበት የሚችል ተራ ነገር!

የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ። ከሙከጡሪ ለሚ አልፎ፣ የጀማን ቁልቁለት ወርዶ፣ ሸለቆውን ተሻግሮ እንደገና ሽቅብ ሲወጣ የሚገኘው ዓለም ከተማ ነው አገሬ። ወደ መንዝና ግሼ ከፍ ሲባል ምድሩ የገብስ ነው፤ ወደ እኛ ጤፍና ማሽላ ይበዛል። ጤፍ ሲታረም ወገቤ ተቆርጧል፣ አውድማ ላይ በሬ ነድቻለሁ። አንድ ሆላንዳዊ ነጋዴ ዓመታት ሙሉ «የኔ ነው» ሲል ኖሮ፣ ሲሸነፍ እንኳ ለእናቶቻችን አንዲት የምስጋና ቃል ጠፋች? ኩርፊያዬ ይህ ነበር። እስኪበርድልኝ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ያበረዱልኝም አክስቴ ናቸው።

ነገሩን ለዘነጋ ሰው ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ያንስ ሮስየን የተባለ ሆላንዳዊ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። በ2005 እሱ ያለበት «ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል» የተባለው ኩባንያ ከያኔው የብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና ከኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ድርጅት ጋር የ10 ዓመት ስምምነት ተፈራረመ። ኩባንያው 12 የጤፍ ዝርያዎችን ይጠቀማል፣ ኢትዮጵያም ከሚገኘው ጥቅም ትካፈላለች ተባለ። በጥር 2007 የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት ፓተንቱን ሰጠ፤ ከሆላንድ ሌላ በጀርመን፣ በብሪታንያ፣ በጣሊያን፣ በቤልጅየምና በኦስትሪያ የሚሠራ ሆነ። በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ጉዳዩን ያጠኑ የኖርዌይ ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ሪፖርት እንዳሰፈሩት፣ ኢትዮጵያ ከዚያ ሁሉ ያገኘችው 4,000 ዩሮ ገደማና ብዙም ሳይጓዝ የተቋረጠ አንድ አነስተኛ የምርምር ሥራ ነው። ኩባንያው ሲከስር ፓተንቱ አብሮት አልከሰረም። «ኤንሸንትግሬይን» በሚባል ሌላ ኩባንያ እጅ ኖሮ፣ «ባከልስ ሲኒየር» የተባለ የዳቦ ግብዓት አቅራቢ «መብቴን ጥሷል» ብሎ ሄግ ላይ ከሰሰ። ባከልስ «መጀመሪያ ነገር፣ ፓተንቱ ራሱ ዋጋ የለውም» ብሎ መለሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 2018 ለባከልስ ፈረደ። በሚቀጥለው የካቲት ይግባኝ ባለመጠየቁ ፍርዱ ጸና፤ ወሬውም ያኔ ነው እኛ ጋ የደረሰው።

ልብ በሉ፤ ከሳሹም ተከሳሹም የሆላንድ ኩባንያዎች ናቸው። እኛ እዚያ ችሎት ውስጥ አልነበርንም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ላቦራቶሪ ውስጥ ከምሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ ፎሊንግ ነምበር የምንለው ነው። ስዊድን ውስጥ ስቬን ሃግበርግና ሃራልድ ፔርተን የሠሩት ዘዴ ሲሆን ዕድሜው ከ60 ዓመት በላይ ነው። 7 ግራም ዱቄት ከ25 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር በመስታወት ቱቦ ይናጥና የፈላ ውሃ ውስጥ ይነከራል። መሣሪያው ለ60 ሰከንድ ያማስለዋል፤ ከዚያ ማማሰያዋን ከላይ ይለቃታል። ማማሰያዋ ገንፎውን ሰንጥቃ እታች እስክትደርስ ስንት ሰከንድ ፈጀባት? ማማሰሉን ጨምሮ የሰከንዱ ድምር ነው ቁጥሩ። እህሉ ዝናብ ነክቶት የበቀለ፣ ወይም ገና ያልሰከነ ከሆነ ውስጡ አልፋ አሚሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ይበዛል፤ ኢንዛይሙ ስታርቹን እየቆራረጠ ገንፎውን ያቀጥነዋል፤ ማማሰያዋም ቶሎ ትወርዳለች። ለዳቦ የሚሆን ስንዴ 250ን ሲያልፍ ደስ ይለናል። በጣም ዝቅ ያለ ከሆነ ዳቦው ውስጡ ይጣበቃል።

ይህን መሣሪያ መጀመሪያ ስማር ኩራቴ ሌላ ነበር። ዓለም ከተማ ስሄድ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ አስረድቻለሁ። ቁጥር ማወቅ ማወቅ ይመስለኝ ነበር፤ ያለ ቁጥር የሚታወቀው ደግሞ ልማድ ብቻ።

ፍርዱ ከተሰማ በኋላ የፓተንቱን ጽሑፍ ፈልጌ አነበብኩ። የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ግን ዋናው የይገባኛል ነጥብ የሙያዬ ቋንቋ ነበር። የጤፍ ዱቄት ነው፤ እህሉ በሚፈጭበት ጊዜ ፎሊንግ ነምበሩ ቢያንስ 250 የሆነ። እዚያ የሚደረስበት መንገድ ደግሞ እህሉን ከአጨዳ በኋላ ለሳምንታት አቆይቶ እንዲበስል ማድረግ ነው። ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄ ቆመ።

አክስቴ አዲስ ጤፍ አያስፈጩም። ልጆች ሆነን ታኅሣሥ ላይ ጎታው አፍ እስካፉ ሞልቶ እያለ፣ እሳቸው ያለፈውን ዓመት ጤፍ ከሌላው ጎታ ጥግ እየጠረጉ ያስፈጫሉ። አዲሱን ስንለምን መልሳቸው አንድ ነው፦ «ይክረም።» እኔ ስስት ይመስለኝ ነበር። እውነት ለመናገር እስከ ላቦራቶሪው ዘመን ድረስ ስስት ነው ብዬ ይዤዋለሁ። እሳቸው የሚሉት ግን ሌላ ነው፤ አዲስ ጤፍ ውሃ አያነሳም፣ እንጀራው ያጣብቃል፣ ዓይኑም ደስ አይልም። ጤፍ ነቀዝ ስለማይደፍረው ሁለትና ሦስት ዓመት ቢቀመጥ ችግር የለበትም፤ ስለዚህ ማክረም የሚከፈልበት ነገር አይደለም። የስንዴ አገር ሰው ይህ ዕድል የለውም፤ ነቀዝና ብል ይቀድሙታል።

እንግዲህ ኑዛዜዬ ይኸው። ያን የፓተንት ጽሑፍ በማመልከቻነት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «አስተያየት ስጥበት» ቢሉኝ ኖሮ አደንቀው ነበር። 250 የሚለው ቁጥር ይበቃኛል። የአክስቴን «ይክረም» ከዚያ ቁጥር ጋር ለማገናኘት ራሴ የሙያው ሰው ሆኜ፣ ራሴ ያቺ ቤት አድጌ፣ አንድ የሆላንድ ክስ መጠበቅ ነበረብኝ። እንዲህ ከሆነ ሄግ ላይ ማኩረፉ ምን ያደርግልኛል?

ቢሆንም አኮረፍኩ። ማታ ማታ ስለ ፓተንት ማንበብ ጀመርኩ።

የፓተንት ሕግ አንድ የፈጠረው ሰው አለ። «በሙያው መካከለኛ ችሎታ ያለው ሰው» ይሉታል። ይህ ሰው የትም አልተወለደም። በሙያው ዙሪያ የታተመውንና የታወቀውን ሁሉ ያውቃል፣ ምንም አያመልጠውም፤ ጉድለቱ ብልጭታ የለውም። አንድ ነገር ፓተንት ይገባዋል የሚባለው አዲስ ከመሆኑ በላይ ለዚህ ሰው ግልጽ ካልሆነ ነው። የእኛም አዋጅ ቁጥር 123/1987 ይህንኑ መለኪያ ይዟል፤ ፓተንት የሚሰጠው አዲስ ለሆነ፣ የፈጠራ ብቃት ላለውና በኢንዱስትሪ ለሚሠራ ነገር ነው። ሰውየው ምን ያህል ደነዝ ነው በሚለው ላይ አሜሪካኖች ለረጅም ጊዜ ተጨቃጭቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ስለ አንድ የመኪና ፔዳል በቀረበ ክርክር፣ ሁለት የታወቁ ነገሮችን ለማገጣጠም ይህ ሰው የግድ «አገጣጥማቸው» የሚል ጽሑፍ እስኪያገኝ አይጠብቅም፣ መጠነኛ ማስተዋል አለው ብሎ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ «ግልጽ ነው» ተብሎ ፓተንት ማስጣል ቀለለ።

ይህ የገባኝ በማስቲካ ነው። ታክሲ ተራ «ሶፍት፣ ማስቲካ!» እያሉ የሚያዞሩት ነገር ከኋላው ይህን ያህል ጠበቃ ያለው አይመስልም። ዊልያም ሴምፕል የሚባል የኦሃዮ ሰው በማስቲካ ላይ ፓተንት ያገኘው በ1869 ነው፤ ቶማስ አዳምስ በ1871 ቺክል ከሚባለው የሜክሲኮ ዛፍ ሙጫ ማስቲካ የሚሠራ ማሽን አስመዘገበ። ዛሬ ማስቲካ ውስጥ የሚታኘከው፣ ስኳሩ ካለቀ በኋላ አፍ ውስጥ የሚቀረው ክፍል፣ ጎማ መሰል ነገር፣ ሬንጅ መሰል ማጣበቂያ፣ ስብ ወይም ሰም፣ ኖራ መሰል ሙሊት ተደባልቆ የሚሠራ ነው። ድሮ በትልልቅ ድስት መሰል ማቡኪያዎች ለሰዓታት ይቦካ ነበር። በ1990ዎቹ ሪግሊ የተባለው የማስቲካ ኩባንያ አንዱን ግብዓት በዚህ በኩል፣ ሌላውን በዚያ በኩል እየተቀበለ ሳያቋርጥ በሚያቦካ ረጅም ማሽን ላይ ተከታታይ ፓተንቶች ወሰደ። ማሽኑ በፕላስቲክ ፋብሪካዎች ከታወቀ ቆይቷል። ታዲያ ፈጠራው ምኑ ላይ ነው? ቅደም ተከተሉ ላይ፦ ጎማውና ሙሊቱ መጀመሪያ በኃይል ይፈጫሉ፣ ስቡ ወደ ኋላ ረጋ ባለ ማማሰል ይገባል። የወፍጮ ቤት ሰው ስለሆንኩ ይህን አልንቅም። አንድ ዓይነት ዱቄት፣ አንድ ዓይነት ውሃ ይዘው፣ የማስገቢያውን ተራ ብቻ ለውጠው ሁለት ሰዎች ሁለት የማይመሳሰል ሊጥ ሲያወጡ አይቻለሁ። ግን ያው ጥያቄ ይመጣል፤ ጎማ ሲያቦካ የኖረ ሰው ይህን አያውቀውም?

ሪግሊ በሌላ ማስቲካው መልሱን በመራራው ቀምሶታል። ሜንቶልን «ደብልዩ ኤስ 23» ከሚባል አቀዝቃዥ ጋር ያጣመረ ማስቲካ ፓተንት ይዞ ካድበሪ የተባለውን ሌላ ኩባንያ ከሰሰ። ካድበሪም በበኩሉ ሜንቶልን ከ«ደብልዩ ኤስ 3» ጋር ያጣመረ የቆየ ፓተንት ነበረውና ሪግሊን መልሶ ከሰሰ። በሰኔ 2012 የይግባኙ ፍርድ ቤት የሪግሊን ፓተንት ቀድሞ የታወቀና ግልጽም ነው ብሎ ጣለው፤ ሁለቱ አቀዝቃዦች አንዱ በሌላው ምትክ እንደሚገቡ በሙያው የታወቀ ስለነበር አንዱን አንስቶ ሌላውን ማስገባት ብልጭታ አይጠይቅም። ካድበሪም በክሱ አልተሳካለትም፤ ሪግሊ የእሱን ፓተንት አልጣሰም ተባለ። ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ወጡ። ያኔ ለሪግሊ ማን አዘነ? ማንም ሊያደርገው የሚችለውን ነገር አጥር ሊያጥርበት ሞከረ፣ አልሆነለትም፣ በቃ። እኔም ስለ ማስቲካው ሳነብ «ደግ አደረጉ» ብያለሁ። ስለ ጤፉ ሲሆን ለምን ቆሰልኩ?

ፍርዱን እንደተረዳሁት፣ የሄግ ዳኞች ያሰቡት «የሙያው ሰው» ወፍጮና ዳቦ የሚያውቅ አውሮፓዊ ነው። ያ ሰው ስንዴና አጃ ሲያስፈጭ ፎሊንግ ነምበር ሲለካ ኖሯል፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል እህሉን ማቆየት እንደሚበጅ ያውቃል። ጤፍ ቢሰጡት ያንኑ ያደርጋል። ፓተንቱን ለማፍረስ ይህ ይበቃል። አክስቴ አያስፈልጉም። ኢትዮጵያ የምትባል አገር በካርታ ላይ ባትኖርም ፍርዱ ያው ነበር። ቁስሌ እዚህ ጋ ነው፦ መዘረፍ አንድ ነገር፣ ከዝርፊያው ታሪክ ውስጥ እንኳ መሰረዝ ሌላ።

ይህን ሁሉ ይዤ በጥር ዓለም ከተማ ሄድኩ። አክስቴ አርጅተዋል፤ ምጣድ ላይ ግን ዛሬም ሌላ ሰው አያስቀምጡም። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ነገሩን አነሳሁላቸው።

«ጤፍ ማክረምን ፈጠርኩ አለ ነው የምትለኝ?» አሉ።

«በቁጥር አድርጎ ነው እንጂ አክስቴ። ሁለት መቶ ሃምሳ ሲደርስ ይፈጫል ብሎ።»

«ሁለት መቶ ሃምሳ ምን?»

ማማሰያዋን፣ ቱቦውን፣ ሰከንዱን አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። «እኔ እጄን ጎታው ውስጥ እሰዳለሁ» አሉ፤ «ትኩስነቱ ከለቀቀው ይፈጫል። ታዲያ ማን ከሰሰው?»

«አገሩ ያለ ሌላ ነጋዴ።»

«ዳኛውስ ምን አለ?»

እዚህ ላይ ድምፄን ሳላውቀው ከፍ አድርጌያለሁ። «ማንም የሚያውቀው ነገር ነው አለ! ፈጠራ አይባልም አለ! የእናንተን ስም እንኳ አላነሳም!»

አክስቴ ስኒውን አስቀመጡና አዩኝ። «ምን ያስቆጣሃል? ልክ ነዋ። እኔን ቢጠሩኝ የምለው ይህንኑ አይደለም? ማንም ያውቀዋል ነው የምለው። ጤፍ ማክረምን እኔ ፈጠርኩት ብል ጎረቤት ይስቅብኛል።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ እስካሁንም የለኝም። እኔ ለእሳቸው የምፈልገው ሐውልት ነበር። እሳቸው ቢጠየቁ ለዳኛው የሚሰጡት ቃል የዳኛውን ፍርድ ቃል በቃል ነው። የሙያው ሰው ማለት እንግዲህ እሳቸው ናቸው፤ መካከለኛም ሆኑ ከዚያ በላይ። ግልጽ ነው መባሉን ስድብ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ከተማ ገብቼ፣ ቁጥር ተምሬ፣ የተለመደ ነገር ሁሉ የሚያሳፍር መስሎኝ።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ገልብጬ አየሁት። የጤፍ ማክረም ጥበብ ተአምር ነው፣ ማንም የማይደርስበት ረቂቅ ነው ብለን ብንከራከር ኖሮ ማን ነበር የሚጠቀመው? ተአምሩን መጀመሪያ በጽሑፍ ያስመዘገበው። ፓተንት የሚኖረው ከተራነት ርቆ ነው። ተራ በሆነው ነገር ዙሪያ ማንም አያጥርም። አክስቴን ከሮስየን የሚጠብቃቸው ጀግንነታቸው ሳይሆን የጎረቤታቸው ሳቅ ነው።

ይህ ግን ሁልጊዜ አይሠራም፤ ችግሩም ቀላል አይደለም። ተራነት ችሎት ፊት መረጋገጥ አለበት። በ1995 አሜሪካ ውስጥ እርድ ቁስል ያድናል የሚል ፓተንት ተሰጥቶ ነበር። ሕንድ ውስጥ እርድ ቁስል ላይ የማያደርግ እናት የለችም። ያ ግን አላፈረሰውም፤ በዚያን ጊዜው የአሜሪካ ሕግ፣ እስከ 2013 ድረስ፣ በሌላ አገር በተግባርና በቃል ብቻ የሚታወቅ ነገር አይቆጠርም ነበርና። ያፈረሰው ሕንዶች ያቀረቡት የሳንስክሪት ጥንታዊ ጽሑፍና በ1953 የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ነው፤ በ1997 ተሻረ። ሕንዶች ከዚያ ተምረው የባህል ዕውቀታቸውን በትልቅ የመረጃ ቋት ማስፈር ጀመሩ። እኛስ? ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ከዚያ ተነስቶ እንዶድ ቢልሃርዝያን ለመከላከል እንደሚረዳ አሳየ፤ በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኘ። አየሩ ላይ ያለውን የሴቶች ዕውቀት በወረቀት ያሰፈረ ሰው ማለት እሱ ነው። በ1990ዎቹ የአሜሪካው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውሃ ቱቦ የሚደፍን ዛጎል ለበስ ፍጥረት ለመግደል እንዲውል ፓተንት ወስዷል። ግልጽ ነበር ወይስ አልነበረም? ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ዘመዱን ቢገድል ምን ይገርማል የሚል ይኖራል። እኔ አልፈርድም።

በጤፉ ጉዳይ የምፈርደው አንድ ነገር አለ። ሁላችንም የተቆጣነው በፓተንቱ ነበር፤ የጎዳን ግን ከፓተንቱ ይልቅ ውሉ ይመስለኛል። ማመልከቻው የገባው በ2003 ነው፤ ውሉ የተፈረመው በ2005። የፓተንቱ ጉዳይ ሳይጠራ 12 ዝርያ ይዞ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ምን ማለት ነው? የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው ከውሉ በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1998 ነው። ፓተንቱ ሲሻር የሆላንድ ጋጋሪ ነፃ ወጣ፤ የመርሐቤቴ ገበሬ ኪስ ውስጥ ግን የገባ ነገር የለም። «ግልጽ ነው» የሚለው ፍርድ መንገድ ይከፍታል እንጂ ገንዘብ አያመጣም።

የኛው አዋጅ 123 አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና ልናገረው። «አነስተኛ ፈጠራ» የሚል ክፍል አለው። ለዚህ ያ ምናባዊ ባለሙያ አይጠራም፤ ነገሩ አዲስና የሚሠራ ከሆነ ይበቃል። የምስክር ወረቀቱ ለ5 ዓመት ይሰጣል፣ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። ዓለም ከተማ ውስጥ ብረት የሚበይዱ፣ ምድጃ የሚያሻሽሉ ልጆች አሉ። አንዱን ይህን ነግሬው «ይሄማ ማንም የሚሠራው ነው» ብሎ አልፎኛል። የአክስቴ ልጅ መሆን ነበረበት።

በዚያው ቀን ማታ አክስቴን ስለ እንጀራ ጠየቅኋቸው፤ ደብተር ይዤ። «ይሄ ደግሞ ምኑ ይጻፋል?» አሉ። ሊጻፍ የሚገባው ያ እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ የተጻፈና ቀን ያለው ነገር ላይ ማንም መጥቶ «የኔ» እንደማይል። ስለ ሆላንዱ ሰው ጠየቁኝ፦ «ጤፉን አክርሞ ሲያበቃ ምን ያደርገዋል?»

«ዳቦ፣ ብስኩት።»

«አብሲት አያውቅም ማለት ነው» አሉና ዝም አሉ። እኔም፣ አልዋሽም፣ መጀመሪያ የመጣልኝ «እንዳንነግረው» የሚል ነበር። ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ እንኳ። ከዚያ እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

አብሲት በምሁራን ጽሑፎች ውስጥ በየቦታው አለ፤ የአክስቴ ግን የራሱ መላ ስላለው፣ በተለይ ጎታው ባዶ ሆኖ አዲስ ጤፍ ከማስፈጨት ሌላ ምርጫ ሲጠፋ የሚያደርጉትን፣ እዚሁ ላስፍረው። ዓለም ከተማ፣ ጥር 2017።

አዲሱ ጤፍ ብቻውን አይፈጭም፤ ከከረመ ጤፍ፣ ከጠፋም ከማሽላ ጋር ተደባልቆ ይፈጫል። ሲቦካ ውሃው ከተለመደው ቀነስ ይላል፤ ሊጡ ጠንከር ብሎ በደንብ ይታሻል፣ እርሾው ይጨመራል። ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ደጋ ከሆነ ቀን ይጨመርበታል። ከላይ የቆመው ውሃ ይደፋል። ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በውሃ ይበጠበጥና እሳት ላይ እየተማሰለ ይበስላል፤ አብሲቱ ይህ ነው። ለከረመ ጤፍ አብሲቱ ቀጠን ቢል አይጎዳም። ለአዲስ ጤፍ ግን ወፈር ብሎ፣ በዛ ብሎ መብሰል አለበት፣ ማማሰያው ሲነሳ ክር እስኪስብ። ለብ ሲል፣ ሳይበርድ፣ ወደ ሊጡ ተመልሶ ይደባለቃል። ኩፍ ብሎ አረፋው መለስ ሲል ምጣዱ ከሌላው ቀን ይበልጥ መጋል አለበት፤ አክስቴ ይህን የሚለኩት ጠብታ ሊጥ ጣል አድርገው ነው። ሲጋገር ቀጭን ይፈሳል፣ ዓይኑ ከወጣ በኋላ ይከደናል፣ አክንባሎው ከወትሮው ትንሽ ቆይቶ ይነሳል። ትኩሱን አንዱን ባንዱ ላይ አይደራርቡትም፤ መጀመሪያ ሰፌድ ላይ ለየብቻ ይተነፍሳል፣ አለበለዚያ ይጣበቃል።